የግማሽ ሴንቲ ምራቂ

ሰኞ 3

ክሊኒኩ ዛሬ ገበያ ነበር የሚመስለው። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው፤ ዝናብ ደግሞ እናቶችን አያስቀርም፣ አርጥቦ ያመጣቸዋል እንጂ። የሚዛኗ (ሕፃናት የምትመዝነው ባልደረባዬ ናት፤ ሚዛኗን ሰው ከነካባት ቀኑን ሙሉ አኩርፋ ትውላለች) «ዛሬስ ልጁን ትቼ ውሃውን ነው የምመዝነው» ስትል የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እኔ ያው ከእሷ ቀጥሎ ነኝ፤ ቁመትና የጭንቅላት ዙሪያ እለካለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሜትር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ልብስ ሰፊ የምመስላቸው ጎረቤቶች አሉኝ። አንዷማ ቀሚስ እንዳሳጥርላት ጠይቃኛለች።

እህቴ ልጇን ሚጡን ይዛ መጣች። ዘጠኝ ወሯን ሞላች። ክትባት፣ ክብደት፣ ቁመት፣ ጭንቅላት። አርባ አንድ። ካርዱ ላይ ነጥቡን አደረግኩ፤ ታችኛው መስመር (የጤነኛ መጠን ወለል) ላይ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ መስመሩ ላይ ናት አይደል?» አለችኝ።

«መስመሩ ላይ ናት።»

እግሬ አብጧል። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ረቡዕ 5

ምሳ ሰዓት፣ ቆሜ። ሜትሩን ጠበቅ ካደረጉት ልጅ ያለቅሳል፣ ላላ ካለ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ደንቡ ሦስት ጊዜ ለክተሽ ትልቁን ጻፊ ነው የሚለው። ደንቡ ራሱ ትልቁን ነው የሚለው! ይህን ለምን እንደምጽፈው እንጃ። እየጠሩኝ ነው።

እሑድ 9

ከእህቴ ቤት መመለሴ ነው። ልብሴ ገመድ ላይ ነው፤ ዳመናው እየመጣ ስለሆነ በአንድ ዓይኔ እሱን እያየሁ ነው የምጽፈው።

አማቷ እዚያ ነበሩ። ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም፣ ምላሳቸው ግን አይያዝም። ሚጡን ጭናቸው ላይ አድርገው ትንሽ አየት አየት አደረጓትና «በእኛ ቤት እንዲህ ጭንቅላቱ ያነሰ ሰው የለም» አሉ። «ልጄ እንኳ ኮፍያ የሚሆነው ጠፍቶ ስንቱን ሱቅ ዞረናል።» ሾፌሩ የእህቴ ባል ሶፋው ላይ ተጋድሞ «እማ፣ የእኔ ጭንቅላት ትልቅ የሆነው በአንቺ ጭቅጭቅ አብጦ ነው» አላቸው። ሳቅን። እህቴ አልሳቀችም። ተነስታ ካርዱን ከመሳቢያ አመጣች። በላስቲክ ሸፍናዋለች፤ ለጋብቻ ምስክር ወረቀቷ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀችም።

«ይኸው! የለካቻት እትዬ ናት። ነጥቦቹን ይዩዋቸው፣ ሁሉም መስመሩ ላይ ናቸው።»

ሴትዮዋ ካርዱን አልተቀበሏትም። «ልጄ፣ እኔ ካርድ ማንበብ አላውቅም፤ ልጅ ማየት ግን አውቃለሁ» አሏት።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። የሆነ ነገር እንድል ነበር የፈለገችው። «ልጅ በየራሱ ጊዜ ነው የሚያድገው» አልኩ። ለስንት እናት ያልኩት ነው፤ ዛሬ አፌን መረረኝ።

ከዚያ ሚጡ ተኛች፤ ስትነቃ አጠገቧ ነበርኩ። ክንዶቿን ብትን አድርጋ አንገቷን ድፍት አደረገች። ትንሽ ቆይታ ደገመችው። አሁንም ደገመችው። ስምንት ጊዜ ቆጠርኩ።

«ትደነግጣለች» አለች እህቴ ከወጥ ቤት፣ «ድምፅ አትወድም።»

ድምፅ አልነበረም። ቤቱ ጭጭ ብሎ ነበር።

በፊት ስታየኝ ትስቅልኝ ነበር። ዛሬ ዓይኗ እኔን አልፎ መጋረጃው ላይ ነበር። እንቅልፍ ይሆናል።

ዘነበ። ልብሴን ረሳሁት።

ማክሰኞ 11

ጥድፊያ ነው። አንዲት እናት የሰባት ወር ልጅ ይዛ መጣች። ለካሁ፤ ከመስመሩ በታች፣ በጣም በታች ነው። ሦስቴ ለካሁ፣ ያው ነው። ጻፍኩና ይዣቸው ዶክተሯ ጋ ገባሁ። ከምሳ በፊት ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎላቸው ወጡ። እናትየዋ «እግዜር ይስጥሽ ሲስተር» አለችኝ። እጄ ንቅንቅ አላለም። ለሌላ ሰው ልጅ ሲሆን እንዴት ጎበዝ ነኝ!

ሐሙስ 13

እህቴን እኔ ነኝ የጎተጎትኳት፤ ለምን አትቀመጥም ብለሽ ጠይቂ አልኳት። መጣች። ዶክተሯ ክፍል ውስጥ በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

ዶክተሯ ሚጡን ብድግ አደረገቻት፣ አስቀመጠቻት፤ ሚጡ እንደ እርጥብ ፎጣ እጥፍ አለች። «አለመቀመጧ ያሳስበኛል» አለች። ከዚያ ካርዱን አነሳች፣ ነጥቦቹን በብዕሯ ጫፍ አንድ በአንድ ተከተለቻቸው። «ጭንቅላቷ ትንሽ ነው፤ ግን በራሷ መስመር እየሄደች ነው፣ አልወረደችም። ይህ ባይሆን ዛሬውኑ እልካት ነበር። የለካት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ዶክተር።»

«ሲስተር ከሆነችማ ጥሩ። ሦስት ወር እንያት።»

እህቴ ኮሪደሩ ላይ አቀፈችኝ። ስለ መደንገጧ ሳትነግራት ነው የወጣችው፤ ረስታው ነው። እኔም... ሰልፉ ረጅም ነበር።

እሑድ 16

ዛሬ ሥራ የለም፣ እንግዳ የለም፣ ምክንያት የለም። ስለዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ የሆነው ሚጡ የስድስት ሳምንት ልጅ ሆና ነው። እህቴ ከወለደች ጀምሮ እንቅልፍ አጥታ፣ ጡቷ ቆስሎ፣ ፊቷ የሌላ ሰው ፊት መስሎ ነበር። ልጅቷን ስለካት ነጥቡ ከታችኛው መስመር ትንሽ ዝቅ ሊል ሆነ። ትንሽ! እህቴ ትንፋሿን ይዛ ጣቴን ታያለች። ሜትሩን ላላ አደረግኩት። ግማሽ ሴንቲ። የበርበሬ ነጋዴ እንኳ ለደንበኛው አንዲት ጭብጥ ምራቂ ይጨምር የለም? እኔም ለገዛ እህቴ ልጅ ምራቂ ሰጠሁ፤ በሚቀጥለው ታካክሰዋለች፣ ያን ጊዜ እቀንሳለሁ ብዬ።

በሚቀጥለው አላካካሰችም። ትክክለኛውን ብጽፍ ነጥቡ ቁልቁል ይወድቃል፣ የባለፈውም ይታወቃል። ስለዚህ የባለፈውን ምራቂ ይዤ ሌላ ምራቂ። እንዲህ እንዲህ እያልን አምስት ጊዜ ተለካች።

ዶክተሯ በብዕር የተከተለችው መስመር እኔ የሠራሁት ነው። ሚጡ የለችበትም።

ይሄው ጻፍኩት። ምንም አልቀለለኝም። ሰው ጽፎ ይቀለዋል የሚሉት ለሌላ ዓይነት ሰው ይሆናል።

ረቡዕ 19

ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ሜትሩ ጨርቅ ነው፣ አርጅቷል፣ ተለጥጧል፤ በሜትሩ ላሳብብና «የቆየው ልኬት ሁሉ ይታይ» ልበል አልኩ። ለሙከራ ያህል ለሚዛኗ ጣል አደረግኩላት፦

«አንቺዬ፣ ይሄ ሜትር ሳይለጠጥ አልቀረም፤ ሳያሳድግብን አይቀርም።»

ሳቀችብኝ። «የተለጠጠ ሜትር ያሳንሳል እንጂ መቼ ያሳድጋል? ሴንቲው ሲሰፋ ቁጥሩ አይቀንስም? አሥራ ስድስት ዓመት ምን ስትለኪ ኖርሽ?»

ከዚያ ሳቋን ተወችና የሕፃናቱን ፎጣ እያጠፈች፣ ሳታየኝ፣ «የሚያሳድገው ሜትር ሳይሆን እጅ ነው» አለች።

ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?

ዓርብ 21

ለእህቴ ደወልኩ። ትልቁ ሆስፒታል ውሰጃት፣ የአንጎል ሐኪም ይያት አልኳት።

«ለምን?»

«እንዲያው ልብሽ እንዲያርፍ።»

«ልቤማ ደህና ነው እትዬ። ካርዱ ደህና ናት ይላል፣ ዶክተሯ ሦስት ወር ጠብቂ ብላለች። የለካሻት አንቺ ራስሽ አይደለሽ? አሁን ደግሞ አንቺ ልታስፈራሪኝ ነው? አማቴ አይበቁኝም?»

ዘጋችው።

ቅዳሜ 22

እህቴ ቤት ሄድኩ፤ እሷ ገላዋን እየታጠበች ነበር። የልብስ መስፊያ ሜትር ከመሳቢያ አወጣሁ። ከሚጡ ቅንድብ በላይ፣ ከኋላ ጎላ በሚለው በኩል፣ ጠበቅ አድርጌ። አላለቀሰችም። በዘጠኝ ወር ውስጥ በትክክል ስትለካ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሠላሳ ስምንት ተኩል።

ሁለት ሴንቲ ተኩል ነው የሰጠኋት። ወይስ የወሰድኩባት?

ሜትሩን እየጠቀለልኩ ሳለ ክንዶቿ ብትን አሉ። አሥራ አንድ ጊዜ።

ሰኞ 24

ነገርኩ።

ከሰልፉ በፊት፣ ገና መብራት ሲበራ። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው፤ እስክጨርስ አያቋርጡኝ» አልኳት። አላቋረጠችኝም። ስለ ድንጋጤዋም ነገርኩ፤ ስልኬ ላይ ቅዳሜ ዕለት የቀረጽኩትን አሳየኋት። ስታየው ፊቷ ተለወጠ። ቁጥሩን ስነግራት እንኳ እንዲያ አልሆነችም።

«ይሄ ድንጋጤ አይደለም፣ ከአንጎል የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው። ስንት ጊዜ ሆነው?»

«እህቴ ወር ከአንድ ሳምንት ትላለች።»

ሪፈሩን እየጻፈች ቀና አላለችም። «ሲስተር፣ እኔ እኮ ያየሁት ያንቺን ነጥብ ነው» አለች። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ለእናቷ እኔ ልንገራት ወይስ አንቺ?»

«እኔ።»

ማክሰኞ 25

እህቴ ልብስ እያጠበች ነበር። ቆሜ ነገርኳት። እጇን ከአረፋው አወጣች።

«ስንት ጊዜ?»

«አምስቴም።»

«ያን ቀን፣ አማቴ ፊት፣ ካርዱን ሳወጣ... ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ሞኟ በላስቲክ ሸፍኜው!» አለች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች፤ ሳቁ ከልቅሶ ይከፋል። «ሁሉም ሰው ልጄን ሲያያት እኔ ካርድ ነው የማየው። ያንቺን ካርድ።»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

«ተጨነቂልኝ ብዬሻለሁ? ልኪልኝ ነው ያልኩሽ!»

በሩን ከፈተችልኝ። «በይ ሲስተር፣ ሪፈሩን ስጪኝና ሂጂ።»

በሕይወቷ ሲስተር ብላኝ አታውቅም።

እሑድ 30

እማዬ መጣች፤ ልታስታርቀኝ ሳይሆን ልትቆጣኝ። «ከልጅነትሽም እንዲህ ነሽ፤ የሰው ዕንባ አትችዪም፣ ለማባበል ስትዪ ትዋሻለሽ። ድመታችሁ የሞተች ጊዜ ዘመድ ቤት ሄዳለች ብለሻት እህትሽ ስንት ወር በር በር ታይ እንደነበር ረሳሽው?»

ረስቼው ነበር። እውነቷን ነው።

ሚጡ ሆስፒታል ተኝታለች። የአንጎል ኤሌክትሪክ የሚያነብ ማሽን ብዙ ሽቦ ራሷ ላይ አጣብቀውባት፣ እማዬ እንዳለችው «እንደ ቴሌቪዥን ጀርባ» ሆናለች። መድኃኒት ተጀመረላት። ኤምአርአይ ረቡዕ ነው።

ሄጄ አላየኋትም። አልተጠራሁም።

ዓርብ 5

ሾፌሩ ደወለልኝ። «ነይልን፤ ዛሬ ውጤት ይነገረናል፣ አንቺ ቋንቋቸውን ታውቂያለሽ። እሷም እሺ ብላለች» አለ። አላለችም፤ ግን እንቢም አላለችም። በወንበሮቹ ጫፍና ጫፍ ተቀመጥን፣ ሾፌሩ መሀል።

የአንጎል ሐኪሙ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሦስት ብዕር፣ አንዱም የማይጽፍ። መጀመሪያ ሜትር አውጥቶ የእናትና የአባትን ጭንቅላት ለካ። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ «ዶክተር፣ ባዶ መሆኑን ለሚስቴ እንዳይነግሯት» አለው። ማንም አልሳቀም፤ እሱ ራሱም አልሳቀም። የሁለቱም ጤነኛ መጠን ነው።

ከዚያ የኤምአርአዩን ምስል መስኮቱ አጠገብ ካለው የሚያበራ ሰሌዳ ላይ ሰቀለ። ከጎኑ ደግሞ የሌላ ልጅ ሰቀለ፣ ለማነጻጸር። የሌላው ልጅ አንጎል እጥፍጥፍ ያለ ነው። የሚጡ ለስለስ ያለ ነው፤ እጥፋቶቹ ጥቂት፣ ጥልቀት የሌላቸው። «እነዚህ እጥፋቶች የሚሠሩት ልጅ በማኅፀን እያለ ነው» አለ። «የእሷ መሥራቱን ቶሎ አቁሟል። ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው ድልድይም፣ እዩት፣ ቀጭን ነው።»

እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «አማቴ አጥንቷ ቶሎ ገጥሞባት ነው ይላሉ። ቢከፈት አያድግም?»

«አይ እናት። አጥንት አንጎልን ተከትሎ ነው የሚሰፋው። አንጎሉ ሲገፋው ይሰፋል፣ ካልገፋው ይቆማል። ጭንቅላቷ ያነሰው አንጎሏ ስላነሰ ነው።»

«እኔ ምን አደረግኩ? እርጉዝ ሆኜ ደረጃ ላይ ወድቄ ነበር።»

«ከመውደቅ አይመጣም። ከዘር የሚመጣ ሊሆን ይችላል፤ ደም ወስደን እናያለን። ምክንያቱ ሳይገኝ የሚቀርም ብዙ አለ። ያደረግሽው ነገር የለም።»

ትቀመጣለች ወይ ተባለ፤ ምናልባት፣ በፊዚዮቴራፒ። ትሄዳለች ወይ ተባለ፤ ቃል አልገባም አለ። መናገርስ? «ጥቂት ቃላት ሊኖራት ይችላል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ይኖራታል፤ ምን ያህል እንደሆነ ዛሬ ነግሬያችሁ ነገ ውሸታም አልሆንም። ታውቃችኋለች ግን። ድምፃችሁን ከሌላው ትለያለች።»

እኔም መጠየቅ ነበረብኝ። ማንም አልጠየቀልኝም።

«ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ?»

አየኝ። ማን እንደሆንኩ ያውቅ ይሆን? ሪፈሩ ላይ ተጽፎ ይሆናል። «አንጎሏን አይለውጠውም» አለ። «ከመወለዷ በፊት ያለቀ ነገር ነው። ያ ክንዷን የሚበትነው መንቀጥቀጥ ግን ሌላ ነው። እሱን ቶሎ ባስቆምነው መጠን የምታተርፈው ይበዛል። የዘገየው ሳምንት ዋጋ አላስከፈለም አልልሽም።»

ቢዋሽልኝ እንዴት ደስ ባለኝ ነበር። አልዋሸልኝም።

እህቴ ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች። የልብሷ ጫፍ ጉልበቴን ነካው።

ማክሰኞ 16

ሜትሩን አስረከብኩ። የክሊኒኩ ኃላፊ ብዙ አልተናገሩም፤ እዚያው ክሊኒክ መዝገብ ክፍል ተዛወርኩ። ካርድ አወጣለሁ፣ ካርድ አስገባለሁ። ልኬቱን አሁን የሚዛኗ ደርባ ይዛዋለች። አንገቴ ባዶ ሆነብኝ፤ እጄን ስንት ጊዜ ወደዚያ እንደሰደድኩ!

የመዝገብ መስኮት ጠባብ ናት። ከእናቶቹ የሚታየኝ እጃቸው ብቻ ነው።

ሐሙስ 18

እማዬ ደወለች፦ ድንጋጤው ቆመ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ። ድንጋጤ አይባልም እማዬ አልኳት። «ስሙ ምንም ይሁን፣ ቆሟል» አለችኝ።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባለጉዳዩ በመስኮቱ ያንኳኳል።

ሰኞ 29

እህቴ ለቀጠሮ መጣች። በመስኮቱ በኩል መጀመሪያ ያወቅኩት እጇን ነው። «ካርድ» አለች። ክሊኒኩ ውስጥ የሚቀመጠውን አወጣሁላት። የድሮዎቹ ነጥቦቼ ላይ ዶክተሯ በቀይ ሰርዛባቸዋለች፤ ከጎናቸው ሠላሳ ስምንት ተኩል ተጽፏል።

ሄደች። ሰልፉ ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ የሚዛኗ ድምፅ ተሰማኝ፦ «ኧረ ብቻዬን አልችልም! ልጅቷ አንገቷ አልጸናም፣ አንድ ሰው ይያዝልኝ!» ለልኬት ሁለት ሰው ነው የሚያስፈልገው፤ ድሮ የምትይዝልኝ እሷ ነበረች።

እህቴ መስኮቱ ላይ ተመልሳ መጣች።

«ሲስተር፣ ያዥልኝ።»

በሩን ዞሬ ወጣሁ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሚጡን ጭኔ ላይ አደረገችልኝ፤ ጀርባዋ ከሆዴ ጋር፣ አገጭዋ በመዳፌ። አምስት ሳምንት አላየኋትም ነበር፤ ከብዳለች። የሚዛኗ ሜትሩን አዞረች። እኔን አየችኝ፣ እህቴን አየች፣ ሜትሩን ላላ አድርጋ ያዘችው።

«ጠበቅ አድርጊው» አለቻት እህቴ።

«ታለቅሳለች እኮ።»

«ታልቅስ። ጠበቅ አድርጊው።»

ጠበቅ አደረገችው። ሚጡ አለቀሰች፤ ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ ሙሉ ነው። እህቴ ጎንበስ ብላ ሜትሩ የተጋጠመበት ቦታ ላይ ጣቷን አድርጋ ራሷ አነበበች፣ ጮክ ብላ፣ የተሰለፉት እናቶች ሁሉ እየሰሙ፦ «ሠላሳ ዘጠኝ ሊሞላ ሁለት ሚሊ ይቀረዋል።» የሚዛኗ ጻፈችው።

ከያዝኩበት ቁጥሩ አልታየኝም። የሰማሁት ብቻ ነው።